የንግድ ውድድር ሕግ ባለሙያ፤ ሙያውና የሞያሌ ገበያ

ተማሪ «ወደፊት ምን ለመሆን ታስባለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጠበቃ» ብሎ የመለሰ እንደሆነ፣ በአሳቡ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የወንጀል ችሎት ነው፤ ተከሳሽ ቆሞ፣ ዐቃቤ ሕግ ከስሶ፣ ጠበቃ ሲከራከር። ከዚያ ቀጥሎ የመሬት፣ የውርስና የፍቺ ነገር ይመጣል። የስኳር ዋጋ፣ የከብት ገበያ፣ የስልክ አገልግሎትና የቤት መሥሪያ ብረት የጠበቃ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ የሚያስብ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የሕግ ዘርፍ ነው። በአማርኛ የንግድ ውድድር ሕግ ይባላል፤ ፀረ-ሞኖፖል ሕግ የሚሉትም አሉ። ምን እንደሚከለክል፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሠራበት፣ አንድ ተማሪም ወደዚያ ለመድረስ በየት በኩል እንደሚያልፍ በተቻለ መጠን ለማብራራት እንሞክራለን።

ምሳሌዎቻችንን በብዛት የምንወስደው ከሞያሌ ነው። ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። ሰሜናዊው ወገን የኢትዮጵያ፣ ደቡባዊው ወገን የኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ነው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ገደማ በየክፍሉ አስፋልት ከመሆኑ በፊት፣ የጭነት መኪና ቀናት ይፈጅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከፈቱ። እንግዲህ በአንድ ቀን ውስጥ በእግሩ ተሻግሮ ሁለት ገንዘብ፣ ሁለት ሕግና ሁለት ዋጋ የሚያይ ልጅ፣ በሌላ ከተማ ያለ ተማሪ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያገኘውን ነገር በዓይኑ ያያል ማለት ነው።

ሕጉ የሚከለክለውና የማይከለክለው

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያሻል። ዋጋ መወደዱ በራሱ የዚህ ሕግ ጥፋት አይደለም። ነጋዴ ማትረፉም፣ መክበሩም፣ ተፎካካሪውን በርካሽና በጥሩ ዕቃ መብለጡም ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ሕጉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሚከለከለው ውድድሩን ራሱን ማጥፋት ነው።

ከክልከላዎቹ ሁሉ ዋናው ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ መወሰናቸውን ወይም ገበያ መከፋፈላቸውን የሚመለከተው ነው። እንበልና አምስት የከብት ገዢዎች ከናይሮቢ የጭነት መኪና ይዘው ሞያሌ ገቡ። እያንዳንዳቸው የናይሮቢን ዋጋ ያውቃሉ፤ የነዳጁን፣ የመንገዱን፣ የደላላውንና የቀረጡን ወጪ ያሰላሉ፤ በዚህም ምክንያት ለአንድ ወይፈን የሚሰጡት ዋጋ እጅግ ተቀራራቢ ሆነ። ይህ ፍጹም ሕጋዊ ነው። አሁን ደግሞ እነዚሁ አምስት ሰዎች ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ነገ ማንም ከዚህ ዋጋ በላይ እንዳይጠራ፤ ይህን መንጋ አንተ ትገዛለህ፣ ያንን እኔ እገዛለሁ» ተባብለው ተለያዩ እንበል። በማግሥቱ ገበያ ላይ የሚሰማው ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን በኬንያም በኢትዮጵያም ሕግ የተከለከለ ነው።

ከብቱን ቀናት ነድቶ የመጣው አርብቶ አደር በሁለቱ ቀናት መካከል ያለውን ልዩነት ማየት አይችልም። ውሃና ሣር ስለሌለ መንጋውን መልሶ ሊነዳ አይችልም፤ ለልጁ ትምህርትና ለቤቱ እህል የሚሆነው ገንዘብ ደግሞ ዛሬ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በተጠራው ዋጋ ሸጦ ይሄዳል። በእኛ አካባቢ ገበያ ዋጋው ብዙ ጊዜ በደላላ እጅ በጨርቅ ሥር በጣት ምልክት ስለሚነገር፣ አጠገቡ የቆመው ሻጭ እንኳ ጎረቤቱ በስንት እንደሸጠ በእርግጥ አያውቅም። ይህ ልማድ በራሱ ክፋት የለበትም፤ የሻጭን ምስጢር ይጠብቃል። ነገር ግን ዋጋ በተሸሸገበት ቦታ የተመሳጠረ ሰው ለመደበቅ ይቀለዋል። የውድድር ሕግ ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከተመሳሳዩ ዋጋ ጀርባ ስሌት አለ ወይስ ስምምነት?

በዚህ ረገድ ተማሪዎች ቶሎ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። አምስት ሱቆች ስኳር በአንድ ዋጋ ሲሸጡ ካዩ «ተማክረዋል» ይላሉ። ምናልባት አምስቱም ከአንድ አከፋፋይ ገዝተው ይሆናል፤ ምናልባትም አንደኛው የሌላውን ዋጋ በዓይኑ አይቶ ተከትሎት ይሆናል። ተመሳሳይ ዋጋ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ማስረጃው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የስልክ መልእክት፣ በአንድ ቀን የወጡ አንድ ዓይነት የዋጋ ደብዳቤዎች፣ ወይም ከውስጥ ወጥቶ የተናገረ ሰው ነው። ለዚህም ሲባል የብዙ አገሮች ሕግ፣ የኬንያም ጭምር፣ ከተመሳጠሩት መካከል አስቀድሞ መጥቶ የተናዘዘ ድርጅት ቅጣት እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ለአንዳንድ መምህራን ይህ የማይገባ ምሕረት ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ምስጢሩን የሚያውቁት ተካፋዮቹ ብቻ በሆኑበት ነገር፣ እርስ በርሳቸው እንዳይተማመኑ ከማድረግ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አልተገኘም።

ሁለተኛው ክልከላ በገበያ ላይ ያለን የበላይነት ያለ አግባብ መጠቀም ነው። ይህን ለማስረዳት ከስልክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሳፋሪኮም በኬንያ ትልቁ የስልክ ድርጅት ነው። የኤምፔሳ ገንዘብ ማስተላለፊያ ወኪሎቹ የሌላ ድርጅት አገልግሎት አብረው እንዳይሰጡ በውል ያስራቸው ነበር። ተፎካካሪው ኤርቴል አቤቱታ አቅርቦ ነገሩ በኬንያ የውድድር ባለሥልጣን ሲመረመር፣ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ይህን ገደብ አነሣ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወኪል በአንድ መስኮት ሁለትና ሦስት ድርጅቶችን ማገልገል ይችላል። አሁን ድንበሩን እንሻገር። በኢትዮጵያ ወገን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የስልክ አገልግሎት የኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም የተካተተበት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በጥቅምት 2022 በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ጀመረ፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2023 ተከተለ። እዚያ ግን ሳፋሪኮም አዲስ ገቢ ነው። ደንበኞቹ ወደ ነባሩ ድርጅት ደንበኞች መደወል እንዲችሉ የነባሩ መስመር ያስፈልገዋል፤ ምሰሶም መጋራት ይሻል። እንግዲህ ያው አንድ ድርጅት በአንድ ከተማ በአንደኛው ወገን ሕጉ የሚቆጣጠረው ኃያል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሕጉ በር እንዲከፍትለት የሚጠይቅ እንግዳ ሆኖ ይታያል። ሕጉ የሚመዝነው የድርጅቱን ስም ወይም ጠባይ ሳይሆን፣ በዚያ ገበያ ውስጥ ያለውን ቦታ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም።

ሦስተኛው ጉዳይ የድርጅቶች ውህደት ነው። ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች አንድ ከመሆናቸው በፊት አስፈቅደው እንዲዋሐዱ ሕጉ ያዛል። በናይሮቢና በአዲስ አበባ ላሉ ጠበቆች ከፍ ያለ ገቢ የሚያስገኘው ይኸው ክፍል ነው፤ ለገበያ ሻጭና ለሸማች ግን ከሁለቱ ይልቅ የራቀ በመሆኑ እዚህ አናስረዝመውም።

ይህ ሕግ ከዋጋ ቁጥጥር ጋር መምታታት የለበትም። በዋጋ ቁጥጥር ጊዜ መንግሥት ራሱ «ይህ ዕቃ ከዚህ በላይ አይሸጥ» ይላል። ኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. በዘይት፣ በስኳርና በሌሎችም ብዙ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥታ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኞቹ ተነሣ። ኬንያም ከነፃነት በፊት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዋጋ ቁጥጥር ሕግ ትሠራ ነበር። የውድድር ሕግ ከዚህ የተለየ ነው፤ ዋጋውን ለነጋዴዎች ፉክክር ትቶ፣ ፉክክሩ እንዳይታፈን ብቻ ይጠብቃል።

ከየት መጣ?

በዘመናዊ መልኩ ሕጉ የታወቀው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የሸርማን ሕግ የተባለው ወጣ። በዚያ ዘመን የጆን ሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ የአገሪቱን የነዳጅ ማጣሪያ ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ኩባንያው ያደገበት አንዱ ዘዴ ከባቡር ድርጅቶች ጋር በምስጢር ተዋውሎ የራሱን ጭነት በቅናሽ ማስጫን ነበር። የጭነት ዋጋ ለአንዱ ቀንሶ ለሌላው ከፍ ሲል፣ ትንሹ ነጋዴ ዕቃው መልካም ቢሆንም እንኳ እንደሚወድቅ በረጅም መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ያውቀዋል።

ይህን ምስጢር ለሕዝብ የገለጸችው ጋዜጠኛይቱ አይዳ ታርቤል ነበረች። ያደገችው በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 የባቡር ድርጅቶችና ትልልቅ ነዳጅ አጣሪዎች በምስጢር ሲመሳጠሩ በሰፈሯ ነጋዴዎችና በአባቷ ላይ የደረሰውን በልጅነቷ አይታለች። ከኮሌጅ ወጥታ ሁለት ዓመት ያህል አስተማሪ ነበረች። ከ1902 ጀምሮ በተከታታይ ያወጣችው የኩባንያው ታሪክ የተመሠረተው በፍርድ ቤት መዝገብና በምስክር ቃል ላይ ነው። መንግሥት በ1906 ክስ መሠረተ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1911 ኩባንያው እንዲፈርስ ወሰነና በ34 ተከፋፈለ። ለመንግሥት ከተከራከሩት ጠበቆች ዋናው ፍራንክ ኬሎግ ይባላል። ይህ ሰው ገና በልጅነቱ መደበኛ ትምህርቱን አቋርጦ በእርሻ የሠራ፣ ሕግን በጠበቃ ቢሮ ውስጥ እያነበበ የተማረ ነው፤ ኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ የ1929ን የሰላም ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ ግን በዚያ መንገድ የሚደረስበት ሙያ አይደለም፤ ዲግሪና ፈቃድ ግዴታ ሆነዋል።

ወደ እኛ አህጉር ስንመለስ፣ በደቡብ አፍሪካ በ2006 አንዳንድ ትናንሽ ዳቦ አከፋፋዮች የዳቦ ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ ዋጋ ጨመሩብን ብለው አመለከቱ። ምርመራው የአገሪቱ ታላላቅ ጋጋሪዎች መመሳጠራቸውን አጋለጠ፤ ታይገር ብራንድስ የተባለው በ2007 ወደ 99 ሚሊዮን ራንድ የሚጠጋ ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ነገሩን የጀመሩት ታላላቅ ጠበቆች እንዳልነበሩ ልብ ይሏል።

በሁለቱ አገሮች ያለው ሕግ

በኬንያ ከዋጋ ቁጥጥር ወደ ውድድር የሚወስደው የመሸጋገሪያ ሕግ የወጣው በ1988 ነበር። አሁን የሚሠራበት የ2010 የውድድር ሕግ ከነሐሴ 2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ባለሥልጣኑ ጥፋተኛ ድርጅትን ከዓመት ጠቅላላ ሽያጩ እስከ 10 ከመቶ ሊቀጣ ይችላል፤ ዋጋ በመወሰን የተመሳጠረ ግለሰብም እስከ 5 ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል። ያልተስማማ ወገን ወደ ውድድር ፍርድ ሸንጎ፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ይህ በወረቀት ብቻ የተቀመጠ አይደለም። በነሐሴ 2023 ባለሥልጣኑ ዘጠኝ የብረታ ብረት አምራቾችን ዋጋ በመወሰን ተመሳጥረዋል ብሎ በድምሩ 338.8 ሚሊዮን ሽልንግ ቀጣ። በኬንያ ሞያሌ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ብረት የሚመጣው በዚያው ረጅም መንገድ ስለሆነ፣ ናይሮቢ ላይ የተጨመረች ሽልንግ እዚህ ላለው ቤት ሠሪ በመጓጓዣ ላይ ተደምራ ትደርሰዋለች። ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የካርፉር ጉዳይ ይመስለኛል። ኦርቻርድስ የተባለ እርጎ አቅራቢ፣ የካርፉርን መደብሮች የሚያስተዳድረው ድርጅት ከሒሳቤ ላይ ቅናሽ እያለ ይቆርጥብኛል፣ ነፃ ዕቃም ይጠይቀኛል ብሎ አመለከተ። ባለሥልጣኑ በ2020 ለአቅራቢው ፈረደ፤ ሸንጎውም በ2021 ውሳኔውን አጸና። በዚህ ጉዳይ የተጎዳው ሸማች አይደለም፤ ሻጭ ነው። የኬንያ ሕግ የገዢን ኃይል ያለ አግባብ መጠቀምን ለይቶ መከልከሉ፣ ኑሮው በመሸጥ ላይ ለተመሠረተ ለአርብቶ አደርና ለገበሬ ትልቅ ቁም ነገር አለው።

በኢትዮጵያ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ያልተገባ ውድድር የተወሰነ ድንጋጌ ነበረው። ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው ግን የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329/1995 ነው። ይህ በቁጥር 685/2002፣ ያም በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተተካ። በአሥራ አንድ ዓመት ሦስት አዋጅ ማለት ነው። በ2006ቱ አዋጅ መሠረት የቆመው ባለሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ቀርቶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። በእኔ አስተያየት ይህ ለሙያው አልበጀም። የውድድር ምርመራ ዓመታት የሚፈጅ፣ በልምድ የሚከማች ጥበብ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በተለዋወጠ ቁጥር መዝገቡን የሚያውቁት ሰዎች ይበተናሉ።

ሁለቱም አገሮች የኮሜሳ አባል ናቸው። የዚህ ድርጅት የውድድር ኮሚሽን በማላዊ ሊሎንግዌ ሆኖ ከጥር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ የሚመለከተውም በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ የሚነካ ጉዳይ ነው። ከቦረና የተነዳ ከብት ሞያሌ ላይ ተሸጦ ናይሮቢ ሲታረድ፣ ገዢዎቹ ቢመሳጠሩ ጉዳዩ የማን ነው? የኬንያ? የኢትዮጵያ? የኮሚሽኑ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሦስቱንም ሕግ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው በአግባቡ ሊመልሰው የሚችለው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ገና ጥቂት ነው።

ገበያው የት ያበቃል?

በዚህ ሙያ ውስጥ እጅግ የሚያከራክረው ጥያቄ ቀላል መስሎ የሚታየው ነው፤ ገበያው የትኛው ነው? አንድ ድርጅት የበላይነት አለው ለማለት በየትኛው ገበያ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መፈተኛ እንዲህ ነው። ሻጩ ብቻውን ቢሆንና ዋጋውን ከ5 እስከ 10 ከመቶ ጨምሮ ቢያቆየው፣ ገዢዎች ወደ ሌላ ዕቃ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይሄዱ ይሆን? የሚሄዱ ከሆነ ያ ሌላው ዕቃ ወይም ቦታ የገበያው አካል ነው።

በሞያሌ ይህን መፈተኛ ሰዉ ሳያውቀው ሲሠራበት ይኖራል። በኬንያ ወገን የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ከ150 ወደ 160 ሽልንግ ቢወጣ፣ ማለትም 6.7 ከመቶ ያህል ቢጨምር፣ እናቶች ልጃቸውን ወደ ማዶ ይልካሉ። ስለዚህ ለስኳር የኬንያ ሞያሌ ብቻውን ገበያ አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለሲሚንቶስ? አንድ ኪሎ ስኳር በዘንቢል ይሻገራል፤ ሃምሳ ከረጢት ሲሚንቶ ግን መኪናና የጉምሩክ ወረቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ገበያው ይጠብባል። ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለስልክ መልሱ ሌላ ሌላ ነው። ከዚህም በላይ ገበያው በጊዜ ይለዋወጣል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሯን ለሰው መተላለፊያ ስትዘጋ፣ ትናንት አንድ የነበረው የስኳር ገበያ በአንድ ቀን ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ የትናንቱ ትንሽ ባለሱቅም በወዲያኛው ወገን ተፎካካሪ ስላጣ ትልቅ ሆነ። ጠበቃው ለዳኛ የሚያስረዳው ይህንን ነው፤ የሚያስረዳውም በስሜት ሳይሆን በሠንጠረዥ ነው።

የትምህርቱ መንገድ

በመንገዱ ላይ የሚያስፈልገው ዝግጅት የሚጀመረው በሁለተኛ ደረጃ ነው። ሒሳብ የማይወድ ተማሪ ወደ ሕግ የሚሸሽበት ልማድ አለ። ወደዚህኛው ዘርፍ ግን በዚያ በር አይገባም። የላቀ ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ከመቶ ስሌትን፣ አማካይን፣ የግራፍ ንባብንና የወጪና የትርፍ አሠራርን ግን አጣርቶ ማወቅ አለበት። በችሎት ከጎኑ የሚቆመው ባለሙያ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነውና ቋንቋውን ካልሰማ ምስክሩን መምራት አይችልም። ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጠቅሙታል፤ እንግሊዝኛ ግዴታ ነው፤ አዋጅ፣ ውልና የውጭ ፍርድ ሁሉ በዚያ ይነበባልና።

በኬንያ ወገን ተማሪው አራት ዓመት የሕግ ዲግሪ ተምሮ፣ በኬንያ የሕግ ትምህርት ቤት ሠልጥኖ፣ በነባር ጠበቃ ሥር የስድስት ወር ልምምድ አድርጎ፣ ፈተናውን አልፎ በጠበቆች መዝገብ ይገባል። በኢትዮጵያ የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ነው፤ የመውጫ ፈተና አለው፤ ለጥብቅና ደግሞ የፈቃድ ፈተናና የተግባር ልምድ ይጠየቃል። የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዷል። ለዚህ ዘርፍ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ የውድድር ክርክር በሺህ የሚቆጠር ገጽ ስለሚኖረው አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም።

ለሞያሌ ቤተሰቦች ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። የአንዱ አገር የጥብቅና ፈቃድ በሌላው አገር ችሎት አያቆምም። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ትምህርት ቤቱ ወደ ቀረበበትና ክፍያው ወደ ቀለለበት ወገን ይልካሉ፤ በሁለተኛ ደረጃ ይህ ችግር ላይኖረው ይችላል። ወደ ሕግ ሲመጣ ግን ተማሪው ዜግነቱ የት እንደሆነ፣ የት ሊሠራ እንደሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጡ በፊት መወሰን አለበት። በኋላ ማስተካከል የሚቻል ቢሆንም ዓመታት ይበላል።

ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ በውድድር ሕግ ወይም በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ግን የመጀመሪያው የሥራ ቦታ ይበልጣል። በመርማሪ መሥሪያ ቤት ሦስት ወይም አራት ዓመት የሠራ ወጣት፣ ድንገተኛ ፍተሻ እንዴት እንደሚካሄድ፣ የሒሳብ መዝገብ የት ላይ እንደሚዋሽ፣ ፈሪ ምስክር እንዴት እንደሚናገር ያውቃል፤ ይህን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ የለም።

ሥራው የሚገኝበት ቦታ

በግልጽ ለመናገር ቦታው ጠባብ ነው። መንግሥታዊው መሥሪያ ቤት አለ፤ በናይሮቢና በአዲስ አበባ ያሉ የጥብቅና ድርጅቶች አሉ፤ ባንኮች፣ የስልክና የመጠጥ ድርጅቶች ነገረ ፈጅ ይቀጥራሉ፤ ሊሎንግዌ ያለው ኮሚሽን ከአባል አገሮች ባለሙያ ይወስዳል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርነትም አለ። ሞያሌ ላይ በር ከፍቶ በዚህ ብቻ የሚኖር ጠበቃ ግን አይኖርም። ከዚህ የሚነሣ ልጅ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ወደ ዋና ከተማ መሄዱ አይቀርም።

ደመወዙ የሚበልጠው በኩባንያዎች ወገን ነው። ለኩባንያ መሥራት ነውር አይደለም፤ አንድ ጥሩ ነገረ ፈጅ አለቃው ተፎካካሪውን ሻይ ሊጋብዝ ሲነሣ «ስለ ዋጋ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» ብሎ ጥፋቱን ከመፈጸሙ በፊት ያስቀራል። ይህ ከብዙ ክስ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ችሎት ላይ በአንድ ወገን አምስት ጠበቃ፣ በሌላው ወገን አንድ ወጣት መርማሪ ብቻ የሚቆምበት ሁኔታ ሲደጋገም ሕጉ ይዳከማል። አርብቶ አደሩ ጠበቃ አይቀጥርም፤ አቤቱታ የት እንደሚቀርብም አያውቅም።

የድንበር ልጅ ያለው ሀብት ቋንቋው ነው። ሞያሌ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ቡርጂኛ፣ ሶማልኛ፣ ስዋሂሊ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ይነገራሉ፤ ከእነዚህ ሦስት አራቱን የማይናገር ወጣት ጥቂት ነው። በከብት ገበያ የሚደረግ ምርመራ በእንግሊዝኛ መጠይቅ አይሠራም። ደላላውን በቋንቋው ማናገር፣ የጣቱን ምልክት ማንበብ፣ ሽማግሌውን እንደ ወጉ ሰላም ብሎ ቁጭ ማለት የሚችል መርማሪ፣ ከዋና ከተማ ሦስት ሰው የማያገኘውን ማስረጃ በአንድ ቀን ሊያገኝ ይችላል።

በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል

በኢኮኖሚክስ ወይም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚከተለው ልምምድ ይቻላል፤ እኔም ለሠልጣኝ መምህራን የምሰጠው ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው አምስት ዕቃ ይምረጡ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ባቄላ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ። ለስምንት ሳምንት በሳምንት አንድ ቀን በሁለቱም ወገን ዋጋውን ይመዝግቡ። ከዚያ ወደ አንድ ገንዘብ ይለውጡት፤ የባንኩንና የመንደሩን ምንዛሪ ለየብቻ። ይህ የመጨረሻው አይዘለል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ስትለቅ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ በድንበር ዋጋ ሁሉ አብሮ ቢንቀሳቀስ ማንም ከማንም ጋር ተመካክሮ አይደለም።

ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ተማሪው ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ዝናብ፣ የመንገድ መዘጋት፣ ነዳጅ፣ በዓል፣ ምንዛሪ። ምክንያት ያላገኘለት ካለ በባዶ ይተወው እንጂ አይገምት። በስምንተኛው ሳምንት ባዶ የቀሩትን መስመሮች ብቻ ሰብስበው ይወያዩባቸው። በማስታወሻው ላይ ግን የባለሱቅ ስም እንዳይጻፍ መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ያስጠንቅቅ፤ ሱቅ ሀ፣ ሱቅ ለ፣ ሱቅ ሐ እየተባለ ይመዝገብ፤ ደብተሩም ከትምህርት ቤቱ አይውጣ።